ሽምብራው ረክሷል፤ ከሰሉስ?

ቤት ውስጥ «ወጪ እንቀንስ» ሲባል መጀመሪያ የሚነሳው ገበያው ነው። ሽንኩርት የት ይረክሳል? ዘይት የት ይገኛል? ጥያቄው ልክ ነው፤ ግን የምግብ ዋጋ እኮ ገበያ ላይ አያልቅም። የተገዛው ሽምብራ ሳህን ላይ እስኪደርስ ከሰል ወይም መብራት ይበላል፤ ከፊሉ ይነቅዛል፣ ከፊሉ ተርፎ ይደፋል። ስለዚህ የአስቤዛን ወጪ ስታሰሉ ይሄን ቀመር ያዙ፦ የተገዛበት ብር ሲደመር የማብሰያው ብር፣ ሲካፈል በእርግጥ ለተበላው ሳህን ብዛት። እኔ የማጠናው የሙቀት ምህንድስና ስለሆነ ዛሬ አብዛኛውን ጊዜ የማጠፋው ሰው በሚረሳው በመካከለኛው ቁጥር፣ በማብሰያው ላይ ነው።

ጥራጥሬን የመረጥኩት በምክንያት ነው። 100 ግራም ደረቅ ምስር 24 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው፤ 100 ግራም ጥሬ የበሬ ሥጋ ደግሞ 20 ግራም አካባቢ። የሰፈራችሁን ዋጋ አስገቡና የአንድ ግራም ፕሮቲን ዋጋ ስንት እንደሚሆን አስሉት፤ ልዩነቱን ራሳችሁ ታዩታላችሁ። ጥራጥሬ የሚጎድለውን አሚኖ አሲድ ጤፍና ስንዴ ይሞሉለታል፤ እነሱ የሚያንሳቸውን ላይሲን ደግሞ እሱ ይሰጣል። ሽሮ በእንጀራ የድህነት ምግብ ነው የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ይሄን ንገሩት። የጥራጥሬ ችግሩ ሌላ ነው፦ ቶሎ አይበስልም።

ለምን? አንዱ ምክንያት ከፍታችን ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየር ግፊቷ ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ግፊቱ ሲያንስ ውሃ ቶሎ ይፈላል፤ 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ። ቶሎ መፍላቱ ጥሩ ይመስላል አይደል? ግን ምግብ የሚያበስለው መፍላቱ ሳይሆን የሙቀቱ መጠን ነው። ድሬዳዋ ላይ ውሃ የሚፈላው 96 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ እዚያ ያለ ዘመዳችሁ ንፍሮውን ቀድሟችሁ ቢያወጣ አትገረሙ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ድስቱ ከፈላ በኋላ እሳቱን ብትጨምሩ ምን ይሆናል? ውሃው በኃይል ይንተከተካል፣ እንፋሎቱ ቤቱን ይሞላል፤ ቴርሞሜትር ብትከቱበት ግን ያው 92 ነው። የጨመራችሁት እሳት በሙሉ ውሃውን ወደ እንፋሎት በመቀየር ያልቃል። ሽምብራው አንዲት ደቂቃ እንኳ ቀድሞ አይበስልም።

የሚያስደነግጠው ደግሞ መጠኑ ነው። አንድ ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ ተነስቶ 92 እንዲደርስ 300 ኪሎጁል ያህል ኃይል ይፈልጋል። ያው አንድ ሊትር ተንኖ እንዲያልቅ ግን 2,280 ኪሎጁል ገደማ፣ ማለትም ከሰባት እጥፍ በላይ! ወደ ከሰል እንቀይረው። አንድ ኪሎ ጥሩ ከሰል 30,000 ኪሎጁል አካባቢ አለው። ምድጃችሁ ከዚህ 20 በመቶውን ብቻ ለድስቱ ያደርሳል ብለን ለስሌት እንውሰድ፤ ይህም 6,000 ይሆናል። እንግዲህ ክዳኑን ከፍታችሁ በከንቱ ያተነናችሁት እያንዳንዱ ሊትር ውሃ 380 ግራም ከሰል በልቷል ማለት ነው። በኤሌክትሪክ ምድጃ ቢሆን፣ 70 በመቶው ድስቱ ጋ ይደርሳል ብንል፣ 0.9 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። መፍትሔው ገንዘብ አይጠይቅም፦ እስኪፈላ በኃይለኛ እሳት፣ ከፈላ በኋላ ግን ክዳኑን ገጥሞ፣ ፍላቱ እንዳይቆም ብቻ በሚበቃ ትንሽ እሳት። (ከሰል ከሆነ መስኮቱ ይከፈት፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ ስለሌለው አያስጠነቅቅም።)

ለዚህ ሕግ አንድ ትልቅ ልዩ ሁኔታ አለ፤ እሱም ቁሌት። ሽንኩርት ከክብደቱ 89 በመቶ ያህል ውሃ ነው። ውሃው እስካለ ድረስ ሙቀቱ ከ92 ብዙ አያልፍም፤ ቡናማውን ቀለምና ጣዕም ለማውጣት ደግሞ 140 ዲግሪ አካባቢ ያስፈልጋል። ስለዚህ እዚህ ላይ ማትነን ብክነት ሳይሆን ሥራው ራሱ ነው፤ ክዳን አያስፈልግም። እናቶቻችን ሽንኩርቱን መጀመሪያ ያለ ዘይት የሚያቁላሉት በቂ ምክንያት ስላላቸው ነው።

ጥራጥሬ የማይበስልበት ሁለተኛው ምክንያት ደረቅነቱ ነው። ውሃ ወደ ፍሬው መሀል ለመግባት ጊዜ ይፈልጋል። ይሄን ጊዜ እሳት ላይ ማሳለፍ ይቻላል፣ ወይም ማታ ዘፍዝፎ በነፃ ማሳለፍ። አድሮ የተዘፈዘፈ ሽምብራ ክብደቱ እጥፍ ይሆናል፤ ጠዋት እሳቱ ማለስለስ ብቻ ይቀረዋል። መዘፍዘፊያውን ውሃ ድፉት፤ ሆድ የሚነፋው ስኳር ከፊሉ አብሮ ይሄዳል። ቲማቲምና ሎሚ አሲድ ስለሆኑ መለስለሱን ያዘገያሉ፤ ጥራጥሬው ከበሰለ በኋላ ይግቡ። ቁንጥር ሶዳ ቶሎ ያበስላል፣ እውነት ነው፤ ግን ቫይታሚን ቢ1ን ስለሚያጠፋ እኔ አልመርጠውም።

እዚህ ላይ ነው የርእሱ ጥያቄ የሚመጣው። ሙቀትና እርጥበት ባለበት መጋዘን ብዙ የቆየ ጥራጥሬ ውስጡ ስለሚለወጥ ሰዓታት ቢቀቀልም የማይለሰልስበት ጊዜ አለ። በኪሎ ጥቂት ብር ስለቀነሰ የገዛችሁት አሮጌ ሽምብራ የቀነሰውን ሁሉ በከሰል ሊያስከፍላችሁ ይችላል። ብዙ ከመግዛታችሁ በፊት ሩብ ኪሎ ወስዳችሁ ሞክሩት።

ፕሬዠር ኩከር ያለው ሰው ከፍታውን ያሸንፋል፦ በተለመደው ክብደት ውስጡ 115 ዲግሪ ገደማ ስለሚደርስ ሽምብራ ከግማሽ ባነሰ ጊዜ ይበስላል። የሌለው ደግሞ ብርድ ልብስ አለው። ምስር ወይም ሩዝ አሥር ደቂቃ ከፈላ በኋላ እንደተከደነ ከእሳት አውርዳችሁ በወፍራም ልብስ ጠቅልሉት፤ በያዘው ሙቀት መብሰሉን ይቀጥላል። ከሁለት ሰዓት በላይ ግን አታቆዩት፤ ከ60 ዲግሪ በታች ሲወርድ ባክቴሪያ ይራባል። ቀይ ቦሎቄን በዚህ መንገድ በፍጹም አታብስሉ። ሌክቲን የሚባል ሆድ የሚያናውጥ መርዝ ስላለው ተዘፍዝፎ፣ ውሃው ተደፍቶ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል በደንብ መፍላት አለበት።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ሌላ ዓይነት ሒሳብ አለው። 3.5 ኪሎዋት የሚስብ ምጣድ ለመሞቅ 15 ደቂቃ ቢፈጅ፣ አንድም እንጀራ ሳይጋገር 0.9 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ሄዷል። አሥር እንጀራ ብትጋግሩ የእያንዳንዱ ድርሻ 0.09 ነው፤ ሠላሳ ከሆነ 0.03። ይሄ አንዴ ብዙ መጋገርን ያበረታታል፤ ሻጋታ ደግሞ ይከለክላል፤ እንጀራ ከሦስት አራት ቀን በላይ ሳይበላሽ መቆየቱ ይከብደዋልና። ከጎረቤት ጋር በአንድ ቀን፣ በአንድ ሙቀት፣ ተራ በተራ መጋገር ሁለቱንም ያስታርቃል። የመብራት ታሪፉም ፍጆታ ሲበዛ የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ የሚጨምርበት ስለሆነ ቁጠባው ከምትገምቱት በላይ ነው።

የቀረው ግዢው ነው። ገንዘብ ያጠረው ቤተሰብ ጤፉን በሁለት ኪሎ፣ ዘይቱን በፌስታል፣ ሽንኩርቱን ከጉሊት በመደብ ስለሚገዛ ብዙ ጊዜ በግራም ከሀብታሙ የበለጠ ይከፍላል። ይሄ የስንፍና ጉዳይ አይደለም፤ በአንዴ የሚከፈል ብር ስለሌለ ነው። ሦስት አራት ቤት ተሰብስቦ ከመኸር በኋላ አንድ ኩንታል ገዝቶ ቢካፈል ክፍተቱ ይጠባል። ግን ነቀዝ አለ። ነቀዝም እንደኛ ኦክስጅን ይተነፍሳል፤ በደንብ የደረቀውን እህል ንጹህ ጀሪካን ውስጥ አፉ ድረስ ሞልታችሁ አጥብቃችሁ ብትዘጉት ውስጥ ያለችውን ጥቂት አየር ጨርሶ ይታፈናል። እርጥበት ያለው እህል ከሆነ ይሻግታል፤ መጀመሪያ ፀሐይ ላይ ይሰጣ። ጀሪካኑንም በየቀኑ አትክፈቱት። የሳምንቱን ለብቻ ቀንሱና ትልቁን ዝጉት።