ቦካሺ፦ በባልዲ ውስጥ የሚብላላ ትርፍራፊ

የተለመደው ኮምፖስት አየር ስለሚፈልግ በየጊዜው ይገላበጣል። ቦካሺ ግን አየር እንዳይገባ ይከለክላል። ይህ የወጥ ቤት ትርፍራፊን በጥብቅ በተከደነ ባልዲ ውስጥ የማብላላት የጃፓን ዘዴ ነው። ዋናውን ሥራ የሚሠሩት ላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ ኮጮን ጉድጓድ ውስጥ የሚያብላሉትም የእነሱው ወገን ናቸው። ጓሮው ጠባብ ለሆነ ወይም ኮንዶሚኒየም ለሚኖር ቤተሰብ እጅግ የሚመች ዘዴ ነው።

ከሥሩ ቧንቧ ባለው ባልዲ ውስጥ የድንች ልጣጩን፣ የጎመን እንጨቱን፣ የተረፈውን እንጀራ ከትፋችሁ ጨምሩ። በየንብርብሩ ላይ ባክቴሪያው ያለበትን የስንዴ ፉርሽካ ነስንሱ፤ አየሩ እንዲወጣ ጫን ጫን አድርጋችሁ ክደኑት። የሚጠራቀመውን ፈሳሽ በየሁለት ሦስት ቀኑ በቧንቧው ቅዱ። ባልዲው ሲሞላ 2 ሳምንት ይቆይ። ይዘቱ ያኔም ገና አሲዳማ ስለሆነ የችግኝ ሥር ይጎዳል፤ ስለዚህ አፈር ውስጥ ተቀብሮ ቢያንስ ሌላ 2 ሳምንት ሳይሞላው ምንም አትትከሉበት።

ክዳኑን ስትከፍቱ ነጭ ሻጋታና የኮመጠጠ ሽታ ካገኛችሁ መልካም ነው። ጥቁር ወይም አረንጓዴ ሻጋታ ግን ብዙውን ጊዜ አየር መግባቱን ይጠቁማል።

ሞክሩ፦ ከቧንቧው በቀዳችሁት ፈሳሽ ውስጥ ሰማያዊ ሊትመስ ወረቀት ንከሩ። ቀለሙ ወደ ምን ተለወጠ? ለምን?