«ጉንፋን ይዞኝ ነው» ማለት ያድናል?

ኮሶዬን የሚያውቅ ብርዷን ያውቃል። ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በዚህች ደጋ ቅዝቃዜው ሲበረታ ክፍል ውስጥ አንዱ ያስላል፣ ሌላው ይናፈጣል። እናት ዳማከሴ ጨምቃ ታጠጣለች። ጎረቤት «አንድ መለኪያ አረቄ ጣል አድርግበት» ይላል። ከተማ ዘመድ ያለው ደግሞ ከፋርማሲ ክኒንና ሽሮፕ ይላክለታል።

ሁሉም ለበጎ ብለው ነው። ነገር ግን የምንወስደው መድኃኒት በሽንት ወይም በደም ምርመራ ሊታይ ይችላል። ነገ ለስፖርት ውድድር ወይም ለሥራ ስትመረመሩ ያቺ የጉንፋን ክኒን ጣጣ ልታመጣ ትችላለች። እንዴት? እስቲ አብረን እንየው።

የሲድኒው ታሪክ

መስከረም 1993 ዓ.ም. በሲድኒ ኦሎምፒክ ኃይሌ ገብረሥላሴ፣ ደራርቱ ቱሉ፣ ሚሊዮን ወልዴና ገዛኸኝ አበራ 4 ወርቅ ይዘውልን መጡ። በዚያው ኦሎምፒክ አንድሪያ ራዱካን የተባለች የ16 ዓመት ሮማኒያዊት በጂምናስቲክ የግል ጥምር ውድድር ወርቅ አገኘች። ደስታዋ ግን ብዙ አልቆየም። ጉንፋን ይዟት ስለነበር የቡድኑ ሐኪም የሰጣት ክኒን ሱዶኤፌድሪን የተባለ፣ የታፈነ አፍንጫ የሚከፍት ንጥረ ነገር ነበረበት። በሽንቷ ውስጥ ተገኘ፤ ወርቁን ተነጠቀች። ክኒኑን የሰጣት ሐኪም ነው ብላ ብትከራከርም ይግባኟ ውድቅ ሆነ። በስፖርት ሕግ በአትሌቱ ሰውነት ውስጥ ለተገኘው ነገር ተጠያቂው አትሌቱ ራሱ ነውና።

ዛሬም ሕጉ አለ። በውድድር ወቅት በ1 ሚሊ ሊትር ሽንት ውስጥ ሱዶኤፌድሪን ከ150 ማይክሮግራም፣ ኤፌድሪን ደግሞ ከ10 ማይክሮግራም ከበለጠ ጥፋት ነው። ሌላም አለ! ጫት ውስጥ የሚገኘው ካቲን ከ5 ማይክሮግራም በላይ ከተገኘ ያስቀጣል። «ቅጠል ነው፣ ምን አለበት?» ማለት እዚህ አይሠራም።

መሣሪያው ለምን ይሳሳታል?

ፈጣኑ የሽንት ምርመራ የሚፈልገውን ዕፅ የሚለየው በቅርፁ ነው፤ ልክ ቁልፍ ከቁልፍ ጉድጓድ ጋር እንደሚገጥም። ሱዶኤፌድሪንና ኤፌድሪን አምፌታሚን ከተባለው አነቃቂ ዕፅ ጋር በቅርፅ ስለሚመሳሰሉ አንዳንዴ ጉድጓዱ ውስጥ ይገባሉ። ያን ጊዜ ዕፅ ያልነካው ወጣት «ተጠቃሚ» ይባላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ውጤት ብቻውን ፍርድ አይደለም። እያንዳንዱን ንጥረ ነገር ለይቶ በሚያሳይ የላቦራቶሪ ምርመራ መረጋገጥ አለበት።

ኮዴን ያለበት የሳል ሽሮፕ ግን ከዚህ ይለያል። ኮዴን ሰውነት ውስጥ ሲገባ ከፊሉ ወደ ሞርፊን ስለሚለወጥ ምርመራው ቢያሳየው ስህተት አይደለም። ልማድም ያስይዛል፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይወሰድም።

የትንፋሽ ምርመራስ? አንዳንድ የሳል ሽሮፖች አልኮል አላቸው። እንደ ጠጣችሁ ወዲያው ብትነፉ አፍ ውስጥ የቀረው አልኮል ውጤቱን ከፍ ያደርገዋል፤ 15 ደቂቃ ያህል ተጠብቆ ሲደገም ግን ይህ ይጠፋል። አረቄው ግን ደም ውስጥ ገብቷልና «ለጉንፋን ነው» ብትሉትም መሣሪያው አይሰማችሁም። ጉንፋንንም አያድንም!

የኤች.አይ.ቪ. ምርመራስ?

ብዙ ወጣቶች «ጉንፋን ይዞኛል፣ መድኃኒት እየወሰድኩ ነው» እያሉ ምርመራውን ያዘገያሉ። ይህ ምክንያት አይሆንም። የተለመደው ፈጣን ምርመራ የሚፈልገው ሰውነት ቫይረሱን ለመከላከል የሠራውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። የጉንፋን ክኒን፣ ጠላ፣ አረቄ ወይም ጫት ውጤቱን አይለውጡትም። ውጤቱን የሚያሳስተው የጊዜው ነገር ነው። ቫይረሱ ከገባ በኋላ በምርመራ እስኪታይ እስከ 3 ወር ሊወስድ ይችላል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ቫይረሱ በገባ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ ትኩሳት፣ የጉሮሮ ሕመምና ድካም ሊመጣ ይችላል፤ ቁርጥ ጉንፋን ይመስላል። በስሜት ብቻ መለየት አይቻልም፣ በምርመራ እንጂ። ለአደጋ የተጋለጠ ሰው በ72 ሰዓት ውስጥ ጤና ተቋም ከደረሰ መከላከያ መድኃኒት አለ። ደግሞም መጠጡና ጫቱ የምርመራውን ውጤት ባይለውጡም ውሳኔያችንን ይለውጣሉ። ኮንዶም የሚረሳው፣ «እምቢ» ማለት የሚያቅተው በዚያን ሰዓት ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

• ክኒን ከመዋጣችሁ በፊት የማሸጊያውን ጽሑፍ አንብቡ፤ ካልገባችሁ ፋርማሲስቱን ጠይቁ።
• ከምርመራ በፊት የወሰዳችሁትን ሁሉ፣ የባህል መድኃኒቱንም ጭምር፣ ሳትደብቁ ተናገሩ።
• ውጤቱ ካልመሰላችሁ የማረጋገጫ ምርመራ ጠይቁ።
• ሯጭ ከሆናችሁ ከውድድር በፊት ሐኪም አማክሩ። የኢትዮጵያ ፀረ አበረታች ቅመሞች ባለሥልጣንም ለዚሁ የተቋቋመ ነው።
• የፀረ ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት የሚወስድ ጓደኛ ካላችሁ፣ ሌላ መድኃኒት ከመጨመሩ በፊት ለጤና ባለሙያው እንዲነግር ምከሩት። አብረው የማይሄዱ መድኃኒቶች አሉ።

መድኃኒት የሚያድነው አውቀን ስንወስደው ነው። አያቶቻችን ኮሶ ሲጠጡ እንኳ በመጠኑ ነበር። እኛም ጠይቀን እንውሰድ፣ ተመርምረን ራሳችንን እንወቅ!