የአዊ ጋሪ፤ ከአሮጌ መኪና ብረት እስከ ልጆች እጅ

ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ የሚወስደውን አውራ ጎዳና ይዞ የሚጓዝ መንገደኛ ዳንግላን፣ ቀጥሎም 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘውን የአዊ ዞን ርእሰ ከተማ እንጅባራን ሲያልፍ ከሁሉ አስቀድሞ ዓይኑን የሚስበው ፈረስ ነው። በአስፋልቱ ዳር ለሽያጭ የተደረደረው የቀርከሃ ወንበርና አልጋም የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ፈረሱ ከኋላው ስለሚጎትተው ዕቃ የሚጠይቅ ሰው ብዙም አይገኝም። ጋሪውን ማን ሠራው? ከምን ሠራው? ሙያውንስ ለማን ያወርሳል? የዛሬው ጽሑፋችን ይህንኑ ይመለከታል።

የአዊ ሕዝብ ለፈረስ ያለው ፍቅር ለአንባቢ አዲስ አይደለም። በ1888 ዓ.ም. በዓድዋ ጦርነት ፈረሶች የዋሉትን ውለታ ለማሰብ በ1932 ዓ.ም. የተቋቋመው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ያከብራል። በዚያን ዕለት ፈረሱ በግላስና በልጓም አጊጦ ለጉግስ ይወጣል። በማግስቱ ግን ሌላው ፈረስ ድንች፣ ገብስ፣ ከሰል ወይም ወደ ወፍጮ የሚሄድ እህል የተጫነበትን ጋሪ ይጎትታል። ስለ በዓሉ ፈረስ ብዙ ተብሏል፤ ስለ ሥራው ፈረስና ስለ ጋሪው የተጻፈው ግን ጥቂት ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ፣ ዝናብ የሚበዛባት ደጋ ናት። ከአስፋልቱ ወርዶ ወደ ገበሬው ቀዬ የሚያደርሰው መንገድ በአብዛኛው ቀይ አፈር ነው። ክረምት ሲገባ አፈሩ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፤ የጭነት መኪና ባለበት ይቀራል፤ ባጃጅም ትንንሽ ጎማዎቿ ጭቃ ውስጥ ሰምጠው ትቆማለች። በሀብታም አገሮች ከመንገድ ውጭ መጓዝ የሚሻ ሰው የዕቃ መኪና ገዝቶ፣ ከመሬት ከፍ አድርጎ፣ ጎማውን ለውጦ፣ ውስጡን እንደ ቤት አሰናድቶ ከልጆቹ ጋር በትርፍ ጊዜው ይሠራል። ለእኛ ገበሬ ይህ የመዝናኛ ነገር ነው። በአዊ ከመንገድ ውጭ የሚሄደው ተሽከርካሪ ጋሪ ሲሆን፣ እሱም ቢሆን በባለቤቱ ፍላጎት ተለክቶ የሚሠራ ነው። አንዱ ሰው ለመጫን፣ አንዱ ለእህል፣ አንዱ ደግሞ ለውኃ በርሜል ያሠራዋል።

ሥራው የሚጀምረው ከአሮጌ መኪና ነው። ሁለቱን ጎማዎች ዳርና ዳር የሚይዘው ወፍራም ብረት፣ ቸርኬውና ኩሽኔታው ብዙ ጊዜ አገልግሎቱን ከጨረሰ መኪና የተነቀሉ ናቸው። አዲስ አበባ መርካቶ ውስጥ ምናለሽ ተራን ያየ ሰው አንድ የተጣለ ብረት ስንት ጊዜ እንደሚወለድ አይጠፋውም። አቅም ካለ በብረቱ ላይ ባሌስትራ ይታሰራል። ባሌስትራ የሌለው ጋሪ ዋጋው ዝቅ ያለ ቢሆንም የድንጋዩን ምት ሁሉ ለፈረሱ ጀርባና ለተሳፋሪው ወገብ ያስተላልፋል። ከላይ የእንጨት ወይም የቱቦላሬ አልጋ ይዘረጋል፤ ወለሉ ሳንቃ፣ ጎኑ አንዳንዴ ላሜራ ይሆናል። ፈረሱ መካከላቸው ገብቶ የሚቆምባቸው ሁለቱ ረጃጅም እንጨቶች ከባሕር ዛፍ ሲዘጋጁ በሚገባ መድረቅ አለባቸው። እርጥቡ ከተሠራ በበጋ ይጣመማል፤ አንደኛው እንጨት ከሌላው ሦስት ጣት ያህል እንኳ ቢዛነፍ ፈረሱ ዘወትር በአንድ ትከሻው ሲጎትት ይኖራል።

የዚህ ሙያ ዋናው ምሥጢር ግን ሚዛን ነው። ባለ ሁለት ጎማ ጋሪ እንደ ሚዛን እንጨት ያለ ነገር ነው። ጭነቱ ወደ ኋላ ከበዛ እንጨቶቹ ወደ ላይ ይነሡና የሆድ ማሰሪያው ፈረሱን ያንቀዋል። ወደ ፊት ከበዛ ደግሞ ሸክሙ በጀርባው ላይ ያርፋል፤ ቁልቁለት ላይ ሲደርስ የባሰ ይሆናል። ጥሩ ጋሪ ሠሪ ወለሉን ከጎማዎቹ ትንሽ ወደ ፊት አሳልፎ ይተክለዋል። ጋሪው ተጭኖ ሜዳ ላይ ሲቆም የእንጨቶቹ ጫፍ በአንድ እጅ ከተነሣ ልኩን አግኝቷል ማለት ነው። ይህ መፈተኛ ገንዘብ የማይጠይቅ ስለሆነ ጋሪ የሚገዛ ገበሬ ሁሉ ብሩን ከመቁጠሩ በፊት ቢሞክረው መልካም ነው።

ስለ ጭነት መጠንም ጥቂት ማስላት ይገባል። ጋሪውና ጭነቱ በአንድነት 500 ኪሎ ግራም ይመዝናሉ እንበል። የነፋስ ጎማ ያለው ጋሪ በአስፋልት ላይ ለመሳብ የሚፈልገው ኃይል ከክብደቱ ከመቶ ሁለት ወይም ሦስት እጅ፣ ማለትም ከ10 እስከ 15 ኪሎ ግራም ብቻ ነው። በለስላሳ ጭቃ ላይ ግን ከመቶ አሥር እጅና ከዚያም በላይ ይደርሳል፤ ይኸውም 50 ኪሎ ግራም መሆኑ ነው። አንድ ፈረስ ሳይጎዳ ለረጅም ሰዓት ሊስብ የሚችለው ከሰውነቱ ክብደት ከመቶ ከ10 እስከ 15 እጅ ያህል ነው። 250 ኪሎ ግራም የሚመዝን ፈረስ እንግዲህ ከ25 እስከ 37 ኪሎ ግራም ይስባል ማለት ነው። በየመቶው ሜትር አምስት ሜትር ከፍ የሚል ዳገት ቢጨመርበት በዚያው ጭነት ላይ ሌላ 25 ኪሎ ግራም ይታከላል። በጥር የለመደውን ጭነት በሐምሌም የሚጭን ባለጋሪ ፈረሱን በአለንጋ ቢገርፈው ሒሳቡ አይለወጥም። ክረምት ሲሆን ጭነቱን በግማሽ መቀነስ፣ የጎማውንም ነፋስ ጥቂት ማስተንፈስ ይበጃል። ጎማው ሲለሰልስ መሬቱን በሰፊው ይረግጣልና ቶሎ አይሰምጥም።

ልጅ ይህን ሁሉ የሚማረው ከሠሪው አጠገብ ቆሞ ነው። መጀመሪያ ቡሎን ይለቅማል፣ ሜትሩን በአንድ ጫፍ ይይዛል። ቀጥሎ ኩሽኔታውን በላምባ አጥቦ ግራሶ ይቀባል፤ የተበሳ ከመነዳሪ ውኃ ውስጥ ነክሮ አረፋው ከየት እንደሚወጣ ይፈልጋል። ይህቺ የመጨረሻይቱ ሥራ ጨዋታ ትመስላለች፤ ነገር ግን ችግርን ከምንጩ ፈልጎ ማግኘትን የምታስተምር ናት። እጁ ሲበረታ ሳንቃ ይልጋል፣ ጠፍር ይሰፋል። የመብራት ብየዳና ብረት መቁረጫ ግን የልጅ ሥራ አይደሉም። ያለ መነጽር ብየዳ ያየ ልጅ ሌሊቱን ዓይኑ አሸዋ እንደገባበት ሁሉ ሲቆረቁረው ያድራል፤ አዘውትሮ ካየም ጉዳቱ ሊቆይ ይችላል። ልጁን ቢያንስ በዚያች ሰዓት ዞር በል ማለት ለአባት የሚከብድ አይመስለንም።

ሙያን ለልጅ ማውረስ በአገራችን ቀላል ነገር ሆኖ አያውቅም። ብረት የሚቀጠቅጥ፣ ቆዳ የሚፍቅ፣ ሸማ የሚሠራ ሰው በስድብ ስም ሲጠራ ኖሯል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን የሚሰድብ እንዲቀጣ ያወጁት ነገሩ ቢከፋ ነው። በ1955 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተከፈተው ፖሊቴክኒክ ብረትና እንጨት በደብተርና በፈተና የሚማሩት ሙያ መሆኑን ለአካባቢው ወጣት አሳየ። ስድቡ ግን ፈጽሞ አልጠፋም። ገበሬው ጋሪ ሲሰበርበት ወደ ባለሙያው ይሮጣል፤ ልጁን ግን እዚያው እንዲማር መላክ ይከብደዋል።

በሌላ በኩል መማርና መቀጠር የተለያዩ መሆናቸውን መርሳት አይገባም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠርን ይከለክላል። ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለውም በቀን ከ7 ሰዓት በላይና በሌሊት እንዳይሠራ ያዛል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች መዘጋታቸው ደግሞ ነገሩን አወሳስቦታል። ደብተሩን ያስቀመጠ ልጅ ሥራ ቢይዝ ቤተ ሰቡ ይደሰታል፤ ቀን ቀን የሚያገኘውን ብር ከለመደ በኋላ ግን ወደ ክፍል መመለሱ ያጠራጥራል። ከሰዓት በኋላ ሙያ፣ ጠዋት ትምህርት የሚለው አሠራር ለሁለቱም ቦታ ይሰጣል። ትምህርት ቤት በሌለበትም ልጁ ልኬቱን ራሱ እንዲጽፍ፣ የሳንቃውን ዋጋ ራሱ እንዲያሰላ ማድረግ ይቻላል።

ገበያውም እንደ ድሮው አይደለም። በፋግታ ለኮማና በአካባቢው ገበሬው ዲከረንስ የሚለውን ግራር ተክሎ በአምስት ዓመት ገደማ ቆርጦ ከሰል እያደረገ ሲሸጥ፣ ከማሳ እስከ አስፋልት ጭነት ነበረ። በ2012 ዓ.ም. አካባቢ ብቅ ያለው የዛፉ ዋግ መሰል በሽታ ብዙ ተክል አደረቀ። በከተማም የሰው ማመላለሱን ሥራ ባጃጅ ወስዶታል። ቤንዚን ሲጠፋ ጋሪ ይፈለጋል፤ ቤንዚን ሲመጣ ይረሳል። ስለዚህ የዛሬ ጋሪ ሠሪ በር፣ መስኮትና አልጋ እየበየደ ካልደገፈው በጋሪ ብቻ ለመኖር ይቸገራል። ከእሱ ዘንድ የሚማር ልጅም ጋሪውን ብቻ ሳይሆን እነዚህንም ቢለምድ ይጠቅመዋል።

በመጨረሻ ስለ ፈረሱ ዕቃ። በጋሪ ፈረስ ላይ በብዛት የሚታየው ቁስል የሚመጣው በናይሎን ገመድና ባልተደለደለ ማሰሪያ ነው። የደረት ማሰሪያው አራት ጣት ያህል ስፋት ያለው ጠፍር ሆኖ ከውስጥ በኩል በጨርቅ ወይም በሱፍ ይደልደል፤ ጉሮሮውን እንዳይጫን ዝቅ፣ የፊት እግሩን እንዳያውክ ከፍ ብሎ ይታሰር። ከደልዳሉ በታች ያለውን ጀርባ ማታ ማታ በእጅ መዳበስ ለልጅ የሚሰጥ ሥራ ነው። ፀጉሩ የተሻሸበት ወይም የሞቀ ቦታ ካገኘ ለአባቱ ይንገር፤ ያ ፈረስ በማግስቱ አይጠመድም።