የጤና ታሪክ በሙዚየም፦ ተረትና እውነታ

በጤና ታሪክ ሙዚየሞች ውስጥ የሚታዩ ዕቃዎች ብዙ ጊዜ ከራሳቸው የገነነ ተረት ይከተላቸዋል። እንዲህ ያሉ ዕቃዎች በብዛት ከሚገኙባቸው አንዱ የሄንሪ ዌልካም ስብስብ ነው። ዌልካም (1853–1936፤ በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) አሜሪካ ተወልዶ ለንደን ውስጥ በመድኃኒት ንግድ የከበረ ሰው ነበር። ወኪሎቹን በየአገሩ እየላከ ከሕክምናና ከሰው ልጅ ኑሮ ጋር የተያያዘ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ዕቃ አስገዝቷል። ከስብስቡ ውስጥ ጉልህ የሆነው የሕክምና ክፍል ከ1970ዎቹ ወዲህ በለንደን የሳይንስ ሙዚየም እጅ ይገኛል።

በእንዲህ ያሉ ሙዚየሞች ተመልካች ከሚያውቃቸው ምስሎች አንዱ የወረርሽኝ ሐኪም ጭምብል ነው። ረጅም የወፍ ምንቃር ያለው ይህ ጭምብል በ1347 አውሮፓን በመታው ታላቅ ወረርሽኝ ጊዜ ይለበስ እንደነበር በሰፊው ይታመናል። ጭምብሉ የሚታወቀው ግን ከዚያ ወደ ሦስት መቶ ዓመት ዘግይቶ፣ በ17ኛው መቶ ዘመን ነው። ምንቃሩ ውስጥ ጥሩ ሽታ ያላቸው ቅጠሎች የሚጨመሩት በሽታውን የሚያመጣው የተበከለ አየር ነው ተብሎ ስለታሰበ ነው። የበሽታው ትክክለኛ መንስኤ የሆነው ባክቴሪያ የተገኘው በ1894 ነው። በጀርመን ሙዚየሞች የሚታዩት ጭምብሎች ራሳቸው በእርግጥ ለሥራ የዋሉ መሆናቸውን የሚጠራጠሩ ባለሙያዎች አሉ።

በቀዶ ሕክምና የተበሳ የጥንት ሰው የራስ ቅል ሲታይ ደግሞ ሰውየው ወዲያው እንደሞተ መገመት የተለመደ ነው። እውነቱን የሚናገረው የቀዳዳው ጠርዝ ነው። ጠርዙ ስለታም ከሆነ ሰውየው ከቁስሉ አልዳነም ማለት ነው፤ ጠርዙ ክብና ለስላሳ ከሆነ ግን አጥንቱ ለመጠገን ጊዜ አግኝቷል፣ ሰውየውም ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ወራት ወይም ዓመታት ኖሯል። ከፔሩ የተገኙ ብዙ የራስ ቅሎች ጠርዛቸው የዳነ ነው። ያለ ዘመናዊ ማደንዘዣና ያለ ፀረ ተሕዋስያን የተሠራ ሥራ መሆኑ ሲታሰብ ይህ እጅግ የሚያስደንቅ ነው።

ፈንጣጣን መከላከል የተጀመረው በእንግሊዛዊው ኤድዋርድ ጄነር ነው የሚለውም ግማሽ እውነት ነው። ጄነር በ1796 ከላም ፈንጣጣ የወሰደውን ፈሳሽ ለአንድ ልጅ ከትቦ ዘዴውን ለዓለም አስተዋውቋል። ከእሱ በፊት ግን በቻይና፣ በህንድ፣ በቱርክና በአፍሪካ ሰዎች ከታማሚ ቁስል እየወሰዱ ጤነኛውን ይከትቡ ነበር። በ1721 በቦስተን ከተማ ፈንጣጣ በገባ ጊዜ ዘዴው እንዲሠራበት የገፋፋ አንድ ቄስ ነበር፤ ለእሱ ዘዴውን ቀደም ብሎ የነገረው አናሲመስ የሚባል በባርነት የተያዘ አፍሪካዊ ነው። በኢትዮጵያም ልማዱ እንደነበረ የውጭ ተጓዦች ጽፈዋል። አሮጌው ዘዴ አደገኛ ነበር፤ የተከተበው ሊሞትም ሌላውን ሊያስይዝም ይችል ነበር። የጄነር ትልቅ ሥራ ይህን አደጋ መቀነሱ ነው። ፈንጣጣ ከኢትዮጵያ የጠፋው በ1976፣ ከዓለም መጥፋቱ የታወጀው ደግሞ በ1980 ነው።

የባህል መድኃኒት ከአገሩ ወጥቶ አያውቅም የሚል አስተሳሰብም አለ። ኮሶ ይህን ያፈርሳል። በ19ኛው መቶ ዘመን የደረቀው የኮሶ አበባ እየታሰረ ወደ አውሮፓ ይላክ፣ እንደ ኢትዮጵያ ሁሉ ለኮሶ ትል ይታዘዝ ነበር። የእንግሊዝ ይፋዊ የመድኃኒት መጽሐፍም መዝግቦታል። ውጤት ያለው ነገር መሆኑ ግን ጉዳት የለውም ማለት አይደለም፤ መጠኑ ሲበዛ ሰውን ይጎዳል። በዘመናዊ ክኒኖች የተተካውም ስለዚህ ነው።

ከሁሉ ይበልጥ በተሳሳተ መንገድ የሚታየው የኢትዮጵያ ክታብ ነው። በለንደን፣ በፓሪስና በሌሎች ከተሞች ስብስቦች ውስጥ ይገኛል፤ አዲስ አበባ በኢትዮጵያ ጥናት ተቋምም አለ። ብዙዎች ከሃይማኖት ውጭ የሆነ የአስማት ሥራ ብቻ አድርገው ያዩታል። የተጻፈው ግን በግዕዝ ነው፤ ጸሐፊው በቤተ ክርስቲያን የተማረ ደብተራ ነው። ጽሑፉ በሥላሴ ስም ይጀምራል፤ ሕፃናትን የምትገድለውን ውርዝልያን ያሳደደው የቅዱስ ሱስንዮስ ታሪክም በብዙዎቹ ውስጥ ይገኛል። ቤተ ክርስቲያን ጥልሰሙን፣ ማለትም በክታቡ ላይ የሚሣለውን አስማታዊ ሥዕል፣ በይፋ አትቀበለውም፤ ጸሐፊዎቹ ግን የእርሷው ልጆች ናቸው።

ክታቡን በቅርብ ለሚመለከት ሰው የተጻፈላት ታማሚ ራሷ ትታያለች። ብራናው የበግ ወይም የፍየል ቆዳ ነው፤ ቁራጮቹ በጠባብ የቆዳ ክር ተሰፍተው ይያያዛሉ። በልማዱ ርዝመቱ ከባለቤቱ ቁመት ጋር ይመጣጠናል፤ ከራስ እስከ እግር እንዲጠብቅ ነው። በዓይን የተሞሉት መላእክትና ጥልሰሞች ክፉውን መንፈስ እያዩ እንዲያባርሩ ታስበው የተሣሉ ናቸው። የሚጠቀሱት ሕመሞችም ተራ የቤት ጭንቀት ናቸው፦ ሾተላይ፣ ቁርጥማት፣ ራስ ምታት፣ የደም መፍሰስ። ለምሳሌ የክርስትና ስሟ «ወለተ ማርያም» የሆነች ሴት ስም በቀይ ቀለም በየጸሎቱ መጨረሻ ይገባል። ክታቡ ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ የቀድሞው ስም ተፍቆ አዲሱ ስለሚጻፍበት አንዳንዱ ክታብ ላይ የተፋቀው ቦታ ዛሬም በግልጽ ይታያል። ብዙዎቹ ክታቦች እንደሚወራው የጥንት ዘመን ሥራ ሳይሆኑ የ18ኛው፣ የ19ኛውና የ20ኛው መቶ ዘመን ናቸው፤ በአንገትና በክንድ ሲታሰሩ የኖሩ ስለሆኑ ቶሎ ያልቃሉ።

በሙዚየም የተቀመጠ ዕቃ ታሪክን ያለ አድልዎ ያሳያል የሚለውም እምነት መታረም ያለበት ነው። በሄንሪ ዌልካም ስም የሚጠራው ተቋም የሰብሳቢውን ዕቃዎች ያሳይ የነበረውን ቋሚ ትርኢት በ2022 ኅዳር ወር ዘግቷል፤ ትርኢቱ የሰብሳቢውን ታሪክ እየተረከ ዕቃውን የሠሩትንና የተጠቀሙበትን ሰዎች ወደ ጎን ትቷል የሚል ምክንያት ሰጥቷል። ክታብም ቢሆን «ያልታወቀ፣ ኢትዮጵያ» ተብሎ ብቻ ሲቀርብ፣ ስሟ በቀይ ቀለም የተጻፈላት ሴት በመግለጫው ላይ ካልተጠቀሰች ሥራው አልተጠናቀቀም።