እምነትና አለማመን በተማሪው አእምሮ ውስጥ

አንድ ተማሪ የዝናምን ምክንያት ተጠይቆ ስለ ተን፣ ስለ ደመናና ስለ ቅዝቃዜ የተሟላ መልስ ከሰጠ በኋላ፣ «የሚያዘንበው ግን እግዚአብሔር ነው» ብሎ ቢጨምር፣ መምህሩ ነጥብ ሊቀንስበት ይገባልን?

ስለ እምነት ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ይነሣሉ። አንደኛው «ሰው ለምን ያምናል?» የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው «የሚያምነው እውነት ነውን?» የሚል ነው። ሥነ ልቡና የሚመረምረው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ሲግመንድ ፍሮይድ እ.ኤ.አ. በ1927 ሃይማኖት የአባትን ጥበቃ ከመሻት የመነጨ መሆኑን ለማስረዳት ሞክሯል። ዊልያም ጄምስ ግን አስቀድሞ እ.ኤ.አ. በ1902፣ የአንድ እምነት መነሻ መታወቁ ዋጋውን እንደማይወስን አስገንዝቦ ነበር። ይህ ማሳሰቢያ ለአለማመንም ይሠራል፤ አለማመንም የራሱ ሥነ ልቡናዊ መነሻ አለውና።

ፖል ሃሪስና ሜሊሳ ኬኒግ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጽሑፍ እንዳመለከቱት፣ ልጆች በዓይናቸው ያላዩትን ነገር የሚቀበሉት በሚታመኑ ሰዎች ምስክርነት ነው። ልጅ ጀርምን አላየም፤ እግዚአብሔርንም አላየም። ሃይማኖት በማይነገርበት ቤት ያደገውም አለማመንን የሚቀስመው በአመዛኙ በዚሁ መንገድ ነው።

አዲስ እውቀት ሲገባ የቀድሞው እምነት ሁልጊዜ አይወጣም። ክሪስቲን ሌጋሬና ሱዛን ጌልማን እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት የደቡብ አፍሪካ ጥናት፣ ሕፃናትም አዋቂዎችም ኤድስ በቫይረስ እንደሚተላለፍ እያወቁ መተትንም በምክንያትነት ይጠቅሱ ነበር። ቫይረሱ «እንዴት ያዘው?» ለሚለው፣ መተቱም «ለምን እርሱን?» ለሚለው መልስ ሊሆን ይችላል።

አደጋው የሚመጣው ሁለተኛው መልስ የመጀመሪያውን ሲያስጥል ነው። በአገራችን አንዳንድ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ለጠበል ሲሉ መድኃኒት ባቋረጡበት ጊዜ፣ በወቅቱ ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 ጠበሉም መድኃኒቱም አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ አስታውቀዋል። ምክሩ እምነትን ሳይነካ ሕይወትን የሚጠብቅ ነበር።

እንግዲህ መምህሩ ነጥብ መቀነስ አይገባውም፤ የተጠየቀው ሂደት ተመልሷልና። ተማሪው የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ብቻ ጽፎ ቢሆን ግን፣ ለጥያቄው መልስ አልሰጠም። የማያምን ተማሪም በዚሁ ሚዛን ይመዘናል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ እንዲሆን ሲደነግግ፣ ለመምህሩ የሰጠው ተግባር እውቀትን መመዘን እንጂ ሕሊናን መመርመር አይደለም።