ዓይን የማያየውን በጨዋታ ማሳየት

ናኖሜትር የአንድ ሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው፤ የሰው ፀጉር ውፍረት 80 ሺህ ናኖሜትር ገደማ ይሆናል። ቁስን በዚህ ልክ የሚያጠናውና የሚሠራው ናኖቴክኖሎጂ ለሕዝብ ለማስረዳት ያስቸግራል፤ በዓይን አይታይ፣ በእጅ አይዳሰስ። የዘርፉ ባለሙያዎች ካገኟቸው መላዎች አንዱ ጨዋታ ነው።

በዚህ ረገድ ስሙ የገነነው፣ አይቢኤም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ ያደረገው አጭር ፊልም ነው። በፊልሙ አንድ ልጅ ከአንድ አተም ጋር ይጫወታል፣ ይጨፍራል። ልጁ የተሣለው በቀለም ሳይሆን በካርቦን ሞኖክሳይድ ሞለኪውሎች ነው። ተመራማሪዎቹ ከዜሮ በታች 268 ዲግሪ ሴልሺየስ በቀዘቀዘ መዳብ ላይ ሞለኪውሎቹን በማይክሮስኮፕ ስል መርፌ አንድ በአንድ እያንቀሳቀሱ 242 ምስሎች አዘጋጁ። በየነጥቡ ዙሪያ የሚታየው ስስ ሞገድ ለጌጥ የተጨመረ አይደለም፤ በመዳቡ ገጽ ላይ የሚመላለሱት ኤሌክትሮኖች ሞለኪውሎቹ ጋ ሲደርሱ የሚፈጥሩት ነው። ተመልካቹ ጨዋታ አያለሁ ሲል ኳንተም ፊዚክስ ያያል።

ያም ሆኖ ፊልም ከማየት በእጅ መሞከር ይበልጣል። በአሜሪካ ሙዚየሞች እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ለተወሰኑ ዓመታት በተካሄደው የናኖ ቀናት ዝግጅት ሕፃናት ሁለት ስኒ ይሰጣቸው ነበር፤ አንዱ የተለመደው፣ ሌላው ከጣት ጥፍር ብዙም የማይበልጥ። ትልቁ ሲገለበጥ ውሃው ይፈሳል፤ ትንሹ ሲገለበጥ ግን ውሃው እዚያው ይቀራል። ነገሮች ባነሱ ቁጥር የመሬት ስበት ጉልበቱ ይቀንሳል፣ የውሃው የገጽ ውጥረት ያይላል። ስኒዋ በናኖሜትር የምትለካ ባትሆንም ዋናውን ነገር ታሳያለች፤ መጠን ሲቀየር የሚገዛው ኃይልም ይቀየራል። አስረጂው ምክንያቱን ካልተናገረ ግን ነገሩ አስማት ሆኖ ይቀራል፤ አስማት ያየ ልጅ ደግሞ ያጨበጭባል እንጂ አይጠይቅም።

ለእንዲህ ዓይነቱ ሙከራ ውድ ዕቃ አያስፈልግም። በደቡብና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የሚበቅለው ጎደሬ ቅጠሉ ላይ ውሃ ሲንጠባጠብበት አይርስም፤ ጠብታው ድቡልቡል ሆኖ እየተንከባለለ አቧራውን ጠርጎ ይወርዳል። በቅጠሉ ገጽ ላይ ያሉት ደቃቅ ጉብታዎችና በናኖሜትር የሚለካው የሰም ሽፋን ውሃው እንዲጣበቅ አይፈቅዱም። ቅጠሉ በጣት ጠበቅ ተደርጎ ከታሸ ሽፋኑ ይነሳና ውሃው ይለጠፍበታል። ጎደሬ ባለበት አካባቢ የሚያስተምር የሳይንስ መምህር አንድ ቅጠልና አንድ ብርጭቆ ውሃ ይዞ ክፍል ይግባ፤ ተማሪዎቹ ራሳቸው ያንጠባጥቡ፣ ራሳቸው ይሹ፣ ምክንያቱንም ራሳቸው ይጠይቁ።