የልብ ወለድ ሰው ከአንባቢ ጋራ እንዴት ይተዋወቃል?

በአንበሳሜ ገበያ እንግዳ ሰው ሲገኝ፥ ከሰላምታ በኋላ የሚከተለው ጥያቄ «አገርህ ወዴት ነው? የማን ልጅ ነህ?» የሚል ነው። እንግዳውም ሁሉን ባንድ ጊዜ አይዘረግፍም፤ ጥቂቱን ይናገራል፥ የቀረውን እየተላመደ ሲሄድ ይገልጠዋል። የልብ ወለድ ደራሲም ሥራው ከዚህ የራቀ አይደለም። ይህንኑ ለውድ ጓደኞቼ፥ ለመምህራኖቻችንና ለወላጆቻችን በሁለት መጻሕፍት ምሳሌነት ላስረዳ እወዳለሁ።

በጣና ሐይቅ ዳር በዘጌ የተወለዱት አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮም ያሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ»፥ በኋላም «ጦቢያ» የተባለው፥ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ መሆኑ የታወቀ ነው። አፈወርቅ የሚጀምሩት ከጦርነት ነው፤ አንድ የጦር አለቃ ተማርኮ ከቤተ ሰቡ ይለያል። መንታ ልጆቹን ዋሕድንና ጦቢያን የምናውቃቸው በዚያ መከራ ምክንያት በሚፈጽሙት ሥራ ነው። ጦቢያ እንደ ወንድ ለብሳ ከአባቷ ጋራ ወንድሟን ፍለጋ ስትወጣ፥ ሴት መሆኗን አንባቢው ያውቃል፤ የሚያገኟት ሰዎች ግን አያውቁም። አንባቢው የምሥጢሩ ተካፋይ ስለ ሆነ፥ «ይታወቅባት ይሆን?» እያለ አብሯት ይጨነቃል።

ከዓባይ ማዶ፥ የጎጃም ተወላጅ የሆኑት ሐዲስ ዓለማየሁ ግን በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ሌላ መንገድ ይዘዋል። በዛብህን ከማሳየታቸው በፊት ስለ ማንኩሳና ስለ ወላጆቹ ይነግሩናል። ልጁ በስለት ለእግዚአብሔር የተሰጠ መሆኑንም ገና በጧቱ እንሰማለን። ነገሩ ለጊዜው ተራ ወሬ ይመስላል። በዛብህ አድጎ ሰብለ ወንጌልን ሲያስተምርና ሲወዳት ግን፥ ያ ስለት እንደ ገመድ ጠልፎ ሲይዘው እናያለን። አስቀድሞ ባይነገረን ኖሮ ጭንቀቱን ፈሪነት እንለው ነበር።

በዚሁ መጽሐፍ ጉዱ ካሣን የምናገኘው ደግሞ ሰው ባወጣለት ቅጽል ስም ነው። ካሣ ዳምጤ በብዙዎች ዘንድ እንደ እብድ ይቆጠራል። ንግግሩን እያደመጥን ስንሄድ ግን፥ በዘሩ ከሚኮራው ከፊታውራሪ መሸሻ ይልቅ አስተዋዩ እርሱ ሆኖ ይገኛል። ደራሲው «ብልህ ነው» ብለው ቢጀምሩልን ኖሮ ሰምተን እናልፈው ነበር፤ ራሳችን ስለ ደረስንበት ግን አንረሳውም።

እንግዲህ ድርሰት ለመጻፍ ብዕር የምታነሡ ጓደኞቼ ሆይ! የሰው የኋላ ታሪክ እንደ ወጥ ጨው ነው፤ ሲያንስም ሲበዛም አይበላም። ከመጻፋችን በፊት «ይህ ነገር ወደ ፊት ምን ይሠራል?» ብለን እንጠይቅ። የማይሠራ ከሆነ ይቅር፤ የሚሠራ ከሆነ ጊዜውን ይጠብቅ።

ትምህርቱም ለደራሲ ብቻ አይደለም። በየመንደራችን ቅጽል ስም ወጥቶለት ታሪኩን ማንም ያልጠየቀው ሰው አይታጣም። የልብ ወለድን ሰው እስከ መጨረሻው ገጽ በትዕግሥት የምንከተል ሰዎች፥ ለጎረቤታችን ይህን ያህል ትዕግሥት ብንነፍገው ማንበባችን ምን ይጠቅመናል?